ጀጎል ውስጥ፣ ጌ ጋር ማደር

ሐረር ከሄድኩ የማድረው ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው፤ ያውም ለእንግዳ በተከፈተ ጌ ጋር፣ በነባሩ የሐረሪ ቤት። ድሬዳዋ ሚኒባስ የያዘ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ይደርሳል። መኪና በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የድንጋይ መንገድ ለሻንጣ ጎማ አይመችም። የሚታዘል ቦርሳ ያዙ፤ ባለቤቶቹም አደባባዩ ድረስ ሰው እንዲልኩ ቀድማችሁ ደውሉ። መተላለፊያዎቹ 368 ናቸው ይባላል፣ ቤቱን በስልክ ካርታ ማግኘት ከንቱ ልፋት ነው።

ከውጭ የሚታየው ነጭ ግድግዳና በር ብቻ ነው። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል፤ ጫማ ደጅ ይቀራል። ወለሉ ቀይ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን በያዙበት የጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፣ ነደባ ይሏቸዋል። አሚር ነደባ የአባወራው ስለሆነ ዘው ብላችሁ አትቀመጡበት፤ የእንግዳው ቦታ ጊዲር ነደባ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው ድሮ የጠባቂ ነበር። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል፤ ቦርሳ አዝላችሁ ስትዞሩ ተጠንቀቁ።

ክፍል ሲሰጧችሁ የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ኪርተት ድሮ ሙሽሮች የሚገቡባት ናት፤ ጠባብና ጨለምለም ያለች፣ ግን ጸጥተኛ። እኔ እሷን እመርጣለሁ። ፎቁ ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ አየሩ ጥሩ ሆኖ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። መጸዳጃው ደግሞ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ፣ የጋራ ነው፤ ሌሊት መውረድ የሚከብደው ሰው ምድር ቤቱን ይያዝ፣ የእጅ ባትሪም አይለየው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ ሰብሮ ለየክፍሉ ሻወር ማስገባት እንዲሁ የሚደረግ ነገር አይደለም። ያው ግድግዳ ኔትወርክም ያደክማል፤ መደወል ከፈለጋችሁ ግቢ ውጡ።

የሐረር ውሃ ይጠፋል። ስትደውሉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሮቶ እንዳላቸው ጠይቁ። ግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች ስላሉ የሱብሂ (የንጋት ጸሎት) አዛን ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ የጆሮ መድፈኛ ይያዝ።

የፀሐይ ብርሃን የሚወድ የሕንድ ነጋዴዎች ከጨለንቆ ወዲህ ያስገቡትን ባለ ፎቅና ባለ ሰገነት ቤት ይፈልግ፤ ነደባ ግን አያገኝም።

ማታ ሰው ጅብ ሲመግብ ለማየት የምትወጡ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለእማወራዋ ንገሩ፤ የግቢው በር ከውስጥ ነው የሚቀረቀረው።