ሳሎኔ ውስጥ ሐዲድ ዘርግቼ የተማርኩት

አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ባቡር ሲባል ልቡ ይነሳል። የኔም እንደዛው ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ «ምን ላምጣልህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ጫማም ስልክም አላልኩም። ባቡር አልኳት፤ ትንሿን፣ በኤሌክትሪክ የምትሄደዋን። እሷም አላሳፈረችኝም። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ እየተገጣጠመ ክብ የሚሠራ ሐዲድና መቆጣጠሪያ ይዛልኝ መጣች። ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሠራሁት ስለሚጠይቀኝ ይኸው ጻፍኩት።

በመጀመሪያው ማታ መቆጣጠሪያውን አቃጠልኩት። ካርቶኑን ከፍቼ ሳልጨርስ ሶኬት ላይ ሰካሁትና አስር ሰከንድ ሳይሞላ የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩም። ደግነቱ ሎኮሞቲቯን ገና ሐዲድ ላይ አላወጣኋትም ነበር። ከውጭ የመጣ ማንኛውንም ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ እባካችሁ።

የሰፈራችን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አየት አድርጎ «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ እንሥራለት» አለኝ። ከ220 ወደ 12 ቮልት ዲሲ የሚቀይር አዳፕተር አመጣ። ከሱ ቀጥሎ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ትንሽ ሰርኪት አስገባ። ከዚያ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን የሚያገላብጥ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመረበት፤ ባቡሯ ወደኋላ የምትሄደው በሱ ነው። አንድ ፊውዝም አስገባበት። ፊውዙ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ልጄ ማንኪያ ሐዲዱ ላይ ስትጥል ያዳነን እሱ ነው፣ ምክንያቱም ብረት ሁለቱን ሐዲድ አንድ ላይ ከነካ ሾርት ያደርጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው እነቅለዋለሁ። ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

ጠረጴዛው ላይም ተሳስቻለሁ። ኩርባው ከመሀል እስከ ሐዲዱ 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ለማዞሪያው ብቻ ከ91 ሴንቲ የሚበልጥ ወርድ ያስፈልጋል። ባቡሯ ብትወድቅ መሬት እንዳትደርስ ዳር ዳሩን ትርፍ አድርጌ 1.20 በ1.50 ሜትር ቺፕውድ አስቆረጥኩ። ታዲያ ያለ ድጋፍ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ጋደም አድርጌው በወሩ መሀሉ ጎበጠ። ፉርጎዎቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ መላቀቅ ጀመሩ። ሐዲዱ ነው፣ ጎማው ነው እያልኩ ስንት ቀን ፈተሽኩ፣ በመጨረሻ ውሃ ልክ ሳስቀምጥበት ነው የገባኝ። ሁሉን ነቅዬ ከሥሩ በየ40 ሴንቲው ሞራሌ አስመታሁበት። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

ሙቀቱን ደግሞ አትርሱ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይጋላል። ሐዲዱን ጥርቅም አድርጌ ገጥሜው ስለነበር ሲሞቅ መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ተንሻፈፈ። አሁን በየመገጣጠሚያው የሲም ካርድ ውፍረት የምታህል ክፍተት እተዋለሁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። በከተማችን የሚያልፈው አዲሱ ባቡር ኃይሉን የሚወስደው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፣ 25 ሺህ ቮልት። የኔዋ ግን 12 ቮልቷን የምታገኘው ከሐዲዱ በብረት ጎማዋ በኩል ነው። ስለዚህ ጎማና ሐዲድ በደንብ ካልተነካኩ ባቡር የለም። የኔ ባቡር ሽቦው የተገናኘበት አካባቢ ትበራለች፣ ማዶ ስትደርስ ታዘግማለች። መገጣጠሚያዎቹ ኃይሉን እየቀነሱባት ነበር። ጠጋኙ በሦስት ቦታ ከሐዲዱ ሥር ሽቦ ሶልደር አድርጎ ከዋናው ጋር አገናኘልኝና ዙሪያውን በእኩል ፍጥነት መሄድ ጀመረች።

ከዚያ አቧራ መጣ። የአዳማን ንፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዙሪያችን ተራራው ላይ የንፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። በበጋ መስኮት ከፍቼ ካደርኩ ጠዋት ሐዲዱ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ጥቁር ይሆናል፣ ባቡሯም እየተንገጫገጨች ትቆማለች። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። አታድርጉት! ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይሰነቀራል። የሚያዋጣው ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ቁራጭ ነው። ለጎማዎቿ ደግሞ ጨርቁን አልኮል ነክሬ ሐዲዱ ላይ አነጥፈዋለሁ። የፊት ጎማዎቿን ጨርቁ ላይ፣ የኋላዎቹን ባዶ ሐዲድ ላይ አድርጌ በእጄ ያዝ አድርጌ ኃይል እሰጣታለሁ። ጎማዎቹ ባሉበት ሲሽከረከሩ ጨርቁ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይቀራል። መስመሩ እስኪጠፋ ጨርቁን እያንሸራተትኩ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ አዙሬ የኋላዎቹን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዘይት የማደርግላት በወራት አንዴ ነው፣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ። ከበዛ ጎማው ላይ ይደርስና አቧራ ይሰበስባል። ለመሸፈኛ ነጠላ ሞክሬ ነበር፣ ክሩ እየተመዘዘ የጎማዎቿ ዘንግ ላይ ተጠመጠመ። አሁን ላስቲክ ነው የማለብሳት።

ሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን ጠጠር እዚሁ ካለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭቼና ነፍቼ ነው የሠራሁት። መልኩ በጣም ያምር ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሎኮሞቲቯ ድምጿ ተቀየረ። ከፍቼ ሳያት ሞተሯ ዙሪያ ጥቁር ብናኝ ተለጥፏል። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በወረቀት ጠቅልዬ ጠጠሩ ላይ ሳስኬደው ጢም የመሰለ ነገር ይዞ ተነሳ። ድንጋዩ ውስጥ ብረት አለ፤ የሞተሯ ማግኔት እየሳበው ነው። ጠጠሩን በሙሉ ጠረግኩት። በማግኔት ደጋግሜ ካጣራሁ በኋላ በኮላና በውሃ አጣብቄ መለስኩት።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ጋሼ አሉ። አንድ እሁድ ቡና ሲጠጡ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና የሐዲዱን ስፋት በሁለት ጣታቸው ለኩት።

«ልጄ፣ ይሄ የኛ ሐዲድ አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሰፍቷል። የኛ አንድ ሜትር ነበር።»

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባቡሬ ኤች ኦ በሚባለው መጠን የተሠራች ናት፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ታንሳለች። ሐዲዷ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ 1435 ገደማ ይመጣል። ይሄ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ መስመር ስፋት ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለካ የድሮውን እየናፈቅኩ የዘረጋሁት አዲሱን ኖሯል! ጋሼ በሁለት ጣታቸው ብቻ ነው የያዙት። ለአንድ ሜትሩ መስመር 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለብቻው ይሸጣል፣ ግን ሎኮሞቲቩም ፉርጎውም አብሮ መቀየር አለበት። አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ባቡሯ በያዘችው ሐዲድ ትሂድ ብዬ፣ ጥጉ ላይ የማይሠራ አጭር የድሮ ሐዲድ ከሽቦ ሠራሁ። አጠገቡ ጣቢያውን ከካርቶን ቆርጬ በጄሶ እየለሰንኩ ነው። የጣቢያው በር 2.10 ሜትር ከሆነ 2.4 ሴንቲ ይሆናል፣ ሰዉ ደግሞ ሁለት ሴንቲ አይሞላም።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት መጥተው አዩት። ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ግራሩስ?» አሉኝና መንገደኛው ይጠለልበት የነበረውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። አሁን እሱን ነው የምሠራው፣ ከደረቀ ጭራሮና አረንጓዴ ከተቀባ ስፖንጅ፣ አሥር ሴንቲ የሚሆን።