ዶኔጋል፣ የክር አገር

አየርላንድ ውስጥ፣ ዶኔጋል በሚባለው አውራጃ፣ ኪልካር የሚባል መንደር የደረስኩት በዝናብ ነው። እዚያ አካባቢ ዝናብ ወሬ አይሆንም። ከደብሊን እስከ ዶኔጋል ከተማ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ የዓሣ ወደቧን ኪሊቤግስን ካለፉ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። መንደሩ ጌልታክት ከሚባሉት፣ አይሪሽኛ ከሚነገርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ስልኬ «ኪልካር» ሲለኝ ታፔላው «ኪል ሃርሂ» ይላል።

የሄድኩት ትዊድ ለሚባለው የሱፍ ጨርቅ ነው። የዶኔጋል ትዊድ ከሩቅ ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ነጠብጣብ ብቅ ይላል። በኋላ የታተመበት እንዳይመስላችሁ። ነጠብጣቡ የሚገባው ገና ሲፈተል ነው። የተድቦለቦለ ባለቀለም ሱፍ ከዋናው ሱፍ ጋር ተደባልቆ አብሮ ይፈተላል። ድሮ ቀለሙን የሚያወጡት ከአካባቢው ዕፅዋትና ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው ሽበት ነበር።

የእጅ ሽመና ቤት ገብቼ አንድ አዛውንት ሸማኔ አጠገብ ቆምኩ። መወርወሪያው ሲመላለስ ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ቆም ሲያደርጉት «ይሄ በአይሪሽኛ ምን ይባላል?» አልኳቸው፣ የተጠቀለለውን ክር እያሳየሁ።

«ስናህ» አሉኝ። አንዲቱን ዘለላ መዘዝ አደረጉና ደግሞ «ስናኸ»።

አንደኛው ክር በጥቅሉ ነው፤ ሁለተኛው አንዲት ዘለላ ብቻ። ለኔ ጆሮ ሁለቱም ያው ናቸው። ሲጻፉ ውስጣቸው የእንግሊዝኛዎቹ «ቲ» እና «ኤች» ይደረደራሉ፣ ሲነገሩ ግን «ህ» ብቻ ትሰማለች። በመጽሐፍ ብቻ አጥንቶ የሚሄድ ሰው ጉድ ይሆናል። መርፌም ከዚያው ዘር ነው፣ «ስናሀጅ»። እሱ ላይ «ትልቅ» ሲጨመር «ስናሀጅ ዎር» ይሆናል፤ ያቺ ወንዝ ዳር የምትበረው የውሃ ተርብ ማለት ነው። በጣም የወደድኩት እሱን ነው። «ስናሂን» ደግሞ ቀጭን ጭረት ነው፤ ዛሬ የኢንተርኔቱንም ፋይበር በሱ ይጠሩታል። ድርና ማግ የየራሳቸው ስም አላቸው፣ ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም።

የትዊድ ኮት ዋጋው አይቀመስም፤ ኮፍያ ገዛሁ። ከሰዓት ስሊቭ ሊግ የሚባለውን የባሕር ገደል ላይ ወጣሁ። ከፍታው 601 ሜትር ነው ይላሉ። ጉሙ ውስጥ ግን 60 ይሁን 600 ማን ያውቃል።