ሆድ ውስጥ መድኃኒት የሚሠራ ባክቴሪያ፦ ይቆይ ወይስ ይሂድ?

በ1917 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አልፍሬድ ኒስለ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ፍራይቡርግ ውስጥ የአንድ ወታደር ሰገራ ይመረምራል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲሰቃዩ ይሄ ሰውዬ ምንም አልነካውም፣ ስለዚህ አንጀቱ ውስጥ ክፉዎቹን የሚያባርር የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ነበረም። ኢ ኮላይ ኒስለ 1917 ይባላል፣ ሙታፍሎር በሚል ስም እስከ ዘመናችን ድረስ በእንክብል ሲሸጥ ኖሯል። እኛ ኢ ኮላይ ሲባል ትዝ የሚለን ያልታጠበ ሰላጣ ነው፣ ይሄኛው ዘር ግን ጨዋ ነው።

ታሪኩን ያነሳሁት ዛሬ ተመራማሪዎች ጂኑን እየነካኩ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንዲያክም የሚልኩት ይሄንኑ ባክቴሪያ ስለሆነ ነው። ባክቴሪያን መድኃኒት ማሠራት እኮ ቆየ፣ በ1982 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የሰው ኢንሱሊን በኢ ኮላይ የተመረተ ነበር። ያ ግን ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ እዚያው ይመረታል፣ ይጣራል፣ ባክቴሪያው ታማሚው ጋ አይደርስም። አሁን የሚሞከረው ባክቴሪያውን ራሱን መዋጥ ነው።

በጣም የሳበኝ ፒኬዩ የሚባለው በዘር የሚመጣ በሽታ ነገር ነው። ዳይት ኮካ ጣሳ ላይ "ፌኒልአላኒን አለበት" የሚል ማስጠንቀቂያ አይታችሁ ከሆነ ይሄ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነው የተጻፈው። ፒኬዩ ያለበት ሰው ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን ጉበቱ መሰባበር ያቅተዋል፣ ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና አንጎሉን ይጎዳል፣ በተለይ ሕፃን ሆኖ ካልተደረሰበት። ስለዚህ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። "ታዲያ የጾም ይብላ" እንዳትሉ፣ ሽሮውም ምስሩም ፕሮቲን ነው! እንጀራው ራሱ ተለክቶ ነው የሚበላው። እስቲ አስቡት፣ ልጅ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነሳው ጉርሻ ሁሉ ሲቆጠርበት።

ሲንሎጂክ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የኒስለን ባክቴሪያ ወስዶ ፌኒልአላኒን የሚሰባብር ኢንዛይም ጨመረበት። ሰውየው ከምግብ ጋር ይወስደዋል፣ ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ፌኒልአላኒኑን ይይዝና ወደ ሌላ ነገር ይቀይረዋል፣ የተቀየረው ጉበት ሄዶ ሂፑሬት ሆኖ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው ሥራ ላይ መሆኑን ሽንት መርምረህ ታውቃለህ ማለት ነው፣ ይሄ እንዴት እንደሚያምር! ሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራ ላይ የታማሚዎቹ ደም ውስጥ መጠኑ ቀነሰ፣ ሁሉም ተስፋ አደረገ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ተጀመረ፣ ከዚያ በየካቲት 2024 ኩባንያው አቆምኩ አለ። ጉዳት አድርሶ አይደለም፣ የታሰበውን ያህል ውጤት ላይ አይደርስም ተብሎ ነው።

ከሱ በፊት ላክቶኮከስ ላክቲስ ተሞክሯል። ይሄኛው ሩቅ አይደለም፣ ወተት ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው፣ የኛም እርጎ ውስጥ አለ። የቤልጂየም ተመራማሪዎች የአንጀት ቁጣ የሚያበርድ የሰው ፕሮቲን፣ ኢንተርሉኪን 10፣ እንዲያመርት አደረጉት፣ በ2000 አይጦች ላይ ሠራ፣ በ2006 ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ቁጣ በሽታ ያለባቸው 10 ሰዎች ወሰዱት። አዲሱን ጂን ያስገቡት ባክቴሪያው ቲሚዲን (ያለሱ መኖር የማይችለው ንጥረ ነገር) የሚሠራበትን ጂን አውጥተው በሱ ቦታ ነው። ስለዚህ ከሰው ሆድ ወጥቶ ቲሚዲን የሌለበት ቦታ ሲገባ ይሞታል። ጎበዞች ናቸው በእውነት። ግን በኋላ ሰፋ ባለ ሙከራ ከባዶው ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

እንደኔ ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ መድኃኒቱ እንዲሠራ ባክቴሪያው መቆየት አለበት፣ እንዳያስፈራ ደግሞ መሄድ አለበት። አንጀት ውስጥ ቦታው ሁሉ ባለቤት አለው፣ እንግዳው ቶሎ ይባረራል፣ ለዚህ ነው የኒስለው ዓይነት በየቀኑ የሚወሰደው። ኖቮም የሚባል ሌላ ኩባንያ ሌላ ዘዴ አመጣ፣ ለኩላሊት ጠጠር መነሻ የሚሆነውን ኦክሳሌት የሚበላ ባክቴሪያ ሠርቶ ኑሮውን ፖርፊራን ላይ አሰረው። ፖርፊራን ሱሺ ከሚጠቀለልበት የባሕር አረም የሚገኝ ስኳር ነው፣ አብዛኛው የሆድ ባክቴሪያ አይበላውም። ፖርፊራኑን ስትሰጠው ይቆያል፣ ስትከለክለው ይጠፋል፣ ሐሳቡ ይሄ ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር ግን አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ከሆድ ነባሮች ጂን ተቀብለው ተለውጠው ተገኙ። ባክቴሪያ እንዲህ ነው፣ ጂን መለዋወጥ ኑሮው ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተፈራረምከውን ውል ሆድ ውስጥ አያከብርልህም።

አሜሪካ ሳንዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2022 እንግዳ ከማምጣት ብለው የአይጧን የራሷን ኢ ኮላይ አውጥተው ጂን ጨምረው መለሱላት፣ አንዴ ተሰጥቶ ለወራት ቆየ፣ የደም ስኳሯም ተሻሻለ። ለአይጥ ድንቅ ነው። እኔን ግን ብትጠይቁኝ ለጊዜው የሚሄደውን ነው የምመርጠው፣ በየቀኑ መዋጥ ቢሰለችም ካልተስማማህ ታቆማለህ፣ ያበቃል። የሚቆየውን ምን ብለህ ታስወጣዋለህ፣ በአንቲባዮቲክ? ያኔ የራስህም አብሮ ነው የሚጠረገው።

ደግሞ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው ፕሮባዮቲክ ይሄ ነው ወይ ለምትሉኝ፣ አይደለም። እነዚያ ጂናቸው አልተነካም፣ ፒኬዩም ኩላሊት ጠጠርም አያክሙም፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ደግሞ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።