ለምርመራ ስል ወደ ስንዴ ዳቦ ተመለስኩ

መንዝ ውስጥ «ገብስ አልበላም» የሚል ሰው ጠበል ቢወሰድ አይገርምም። ጠዋት በሶ፣ ቀን የገብስ እንጀራ፣ ለእንግዳ ቆሎና ጠላ፣ ለአራስ ገንፎ፤ «ገብስ የእህል ንጉሥ» የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔ ግን በዚህ ንጉሥ ቤት ሆዴ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰብኝ፣ ለደም ማነስ የብረት እንክብል እየዋጥኩ ዓመታት አሳለፍኩ። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል፣ ሌላው ጃርዲያ።

ፍንጩን ያገኘሁት ለሥራ ወደ ምንጃር ስወርድ ነው። የምንጃሩ ከተማ አረርቲ የጤፍ አገር ነው፤ ያከራዩኝ እናት ከጤፍ በቀር ሌላ ዱቄት ወደ ቡሃቃቸው አያስገቡም። ጥቂት ወራት እንደቆየሁ ሆዴ ዝም አለ። ለበዓል አገሬ ገብቼ ከድፎ ዳቦውና ከጠላው ስቀምስ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ስንዴንና ገብስን በራሴ ፈቃድ ተውኩ።

ታሪኬን የሰማው ሐኪም ሴሊያክ የሚባለውን በሽታ ጠረጠረ። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲገባ የሰውየው የመከላከያ ኃይል የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የአረርቲው እፎይታ ምክንያት ይኸው ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ ግሉተን የተወ ሰው ምርመራው በደሙ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል (የመከላከያ ኃይሉ የሚያመርተው ፕሮቲን) እየቀነሰ፣ አንጀቱም እያገገመ ስለሚሄድ በሽታው እያለበት ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ግሉተን ሳይበሉ የሚሠራ የዘር ምርመራ አለ፤ ጂኖቹ ከሌሉ በሽታው የለም ለማለት ይቀርባል፣ ቢገኙ ግን ብዙ ጤነኛ ሰዎችም ስላላቸው ነገሩን አይቋጭም።

ስለዚህ ምርመራው እንዲታመን ግሉተንን መልሶ መብላት ያስፈልጋል። እንግዲህ ከዳንኩ በኋላ በሽታዬን ጠርቼ ላስገባ? ብዙ አመነታሁ። ያዘነበለኝ አንድ ነገር ነው፦ እርግጠኛ ስላልሆንኩ በየሰርጉና በየተዝካሩ «አንድ ጣሳ ጠላ ምን ታደርጋለች» እያልኩ እቀምስ ነበር። ሴሊያክ ከሆነ ደግሞ ክልከላው የዕድሜ ልክ ነው፤ ትንሽ ቅምሻም አንጀትን ይጎዳል። የዕድሜ ልክ ክልከላን በጥርጣሬ የሚጠብቅ ጽኑ ሰው ይኖር ይሆናል፣ እኔ አይደለሁም።

ሐኪሙ የነገረኝ መጠን በቀን ቢያንስ 3 ግራም ግሉተን ለ2 ሳምንት፣ ከቻልኩ እስከ 8 ሳምንት ነው። ለግምት እንዲቀል ከገብስ ይልቅ የስንዴ ዳቦ መረጥን፤ አንድ ቁራጭ 2 ግራም ገደማ ስለሚይዝ በየቀኑ ሁለት ቁራጭ፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ። ለነፍሰ ጡርና በዕድገት ላይ ላለ ሕፃን ይህ እንደማይመከር፣ የስንዴ አለርጂ ላለበት ደግሞ አደገኛ እንደሆነ አስጠነቀቀኝ። ጊዜውንም አስቤበት ነው የመረጥኩት፤ ሆዱ የተናወጠ ሰው የጣርማበርን ዳገት በአውቶቡስ መውጣት የለበትም።

እናቴ ዳቦ ስቆርስ አይታ «እሰይ፣ ዛሬ ገና ልጄ ሰው ሆነ» አለች። መጀመሪያ ምንም ስላልተሰማኝ እኔም ልስማማት ቃጣኝ። ቀጥሎ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ አፌ ቆሰለ፣ ድካሙ ከአልጋ አላስነሳ አለኝ። የተሰማኝን በየማታው በደብተር እጽፍ ነበር፤ ሐኪሙ በስልክ የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለነበር ጠቀመኝ። ሁለቱን ሳምንት አልፌ አቅሜ እስከፈቀደ ገፋሁበት።

ደም ስሰጥ ከፀረ እንግዳ አካሉ ጋር አይጂኤ የሚባለው የደም ፕሮቲን አጠቃላይ መጠኔም ተለካ። ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮው ያነሰው ሰው በሐሰት ነፃ ሊባል ስለሚችል ሁለቱ አብረው መታዘዛቸውን መጠየቅ ይገባል። የፀረ እንግዳ አካሉ ውጤት ከፍ ብሎ ወጣ። እዚህ ላይ ዳቦውን ልጥል ስል ሐኪሙ ከለከለኝ፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት ናሙና እስኪወሰድ መብላት ነበረብኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ መጠበቅ ነው። ናሙናው ሴሊያክ መሆኑን አረጋገጠ።

ከዚያ ትግሉ ወደ ማድ ቤት ገባ። ጤፍ መግዛት ብቻ አልበቃም፤ እናቴ ሊጡን የምታቦካበት እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ካለፈው ቡኮ የተቀዳ ነው። እርሾው ተደፋ፣ ለእኔ የተለየ ቡሃቃ ተገዛ። ወፍጮ ቤት ደግሞ ከስንዴ ቀጥሎ የሚፈጭ ጤፍ የስንዴ ርዝራዥ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥቂት ዱቄት ለይተን ለሌላ እንሰጣለን፣ ከተቻለም ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን እንመርጣለን።

በሽታው ካለበት ሰው ጋር የቅርብ ሥጋ ዝምድና ካላቸው ከ10 አንድ ያህሉ ሊኖርባቸው ይችላል። ታናሽ እህቴም የእኔው ዓይነት ደም ማነስ አለባትና ወሬውን ስትሰማ በሶውን ልትተው ተነሳች። «ደም እስክትሰጪ ድረስ እንደ ወትሮሽ ብዪ» አልኳት። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው።