ወደ ሙሴ ጸሊም ደጅ

ከካይሮ ስንነሣ ሾፌሩን ተቆጣሁት፤ ግማሽ ሰዓት ስለዘገየ ብቻ። ሕይወቴን ለክርስቶስ ከሰጠሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። መጠጡን ትቻለሁ፣ ውሸቱንም። ቁጣዬ ግን ዛሬም ይቀድመኛል። ወደ እስክንድርያ በሚወስደው የበረሃ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገርንም።

መድረሻዬ ዋዲ ናትሩን ነበር፣ አባቶቻችን አስቄጥስ የሚሉት። ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ ጨዋማ ሐይቆች የተኙበት ሸለቆ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አባ መቃርስ የመነነው እዚህ ሲሆን፣ ዛሬም አራት ገዳማት አሉበት። እኔ የመጣሁት ለአንዱ፣ ለባራሙስ ነው።

በአሮጌው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሙሴ ጸሊምና የመምህሩ የአባ ኤስድሮስ ዐጽም በአንድነት ዐርፏል። ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ሙሴ ባሪያ ነበር፤ ጌታው ቢያባርረው ሽፍታ ሆነ፣ የሰው ደም አፈሰሰ። ታሪኩን ስሰማ ያደግሁት በአንድ ጀንበር እንደተለወጠ አድርጌ ነው። እንዲያ አይደለም። ከመነኮሰም በኋላ የድሮው ምኞት አላስተኛው ሲል ተስፋ እየቆረጠ ወደ መምህሩ ይመላለስ ነበር። ኤስድሮስ ሊነጋ ሲል ጣሪያ ላይ አወጣውና ጨለማው ለብርሃን ቦታ የሚለቀው ቀስ በቀስ መሆኑን አሳየው ይባላል። ሙሴም ሌሊት እየተነሣ፣ ያረጁ መነኮሳት ተኝተው ሳሉ፣ እንስራቸውን እያነሣ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ ይሞላላቸው ጀመር። ለመግደል የለመደ እጅ ነው እንስራ የተሸከመው! በኋላ ዘራፊዎች ገዳሙን ሲወርሩ አልሸሸም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ405 ገደማ ከሰባት ወንድሞች ጋር ተገደለ። በዓሉን ሰኔ 24 እናከብራለን።

እንባዬ መጣ። አምስቱን ዓመት «አልተለወጥሁም ማለት ነው?» እያልሁ ራሴን ስከስስ ነው የኖርሁት። የጸለይሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ አትተወኝ።»

ስወጣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሾፌሩ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ይዤለት ሄድሁ።

«ወንድሜ፣ ጠዋት በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከውሃው ግማሹን ጠጣና የቀረውን መልሶ ለእኔ ዘረጋልኝ።