የላላ የፊት ቆዳ ከማስጠበቅ በፊት

ኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ባንኮኒው ጋ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች የጨጓራና የደም ግፊት ነገር ይበዛል። የፊት ጉዳይ ግን ቀስ በቀስ እየጨመረ መጥቷል። ድሮ የምጠየቀው ስለ ብጉርና ስለ ማድያት ነበር። አሁን «ቆዳዬ ላላ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ ሴቶች በዝተዋል። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። የሚያሳፍር ነገር የለውም እኮ። ፊቷ እንዲያምር የፈለገች ሴት ምንም አላጠፋችም።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ጻፊው ብላኛለች። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምትኖረው። ጅዳ ለረጅም ጊዜ ሠርታ ነው የተመለሰችው። ሃምሳን ተሻግራለች። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ እያለች ሳለ ነው ነገሩ የተነሣው። «ወላሂ ፎቶ ላይ ራሴን አላወቅኩትም» አለችኝ። ከጉንጯ የወረደው ቆዳ አገጯ ግራና ቀኝ ተጠራቅሟል። ሂጃቧን አጥብቃ ስታስር ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። እሷን ያስጨነቃት ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምና አትፈልግም። ጅዳ እያለች ጓደኞቿ «ሃይፉ» የሚባለውን ቆዳ የሚያጠብቅ ሕክምና ሲሠሩ ስላየች እሱኑ ፈለገች። አንድ የውበት ቤት ጋ ስትደውል በአንድ ቀን አሥር ዓመት እንደሚቀንሱላት ነገሯት። ፊት፣ አንገትና ደረት በአንድ ላይ፣ በቅናሽ። «ማነው የሚሠራልኝ?» ስትላቸው «ማሽኑ ራሱ ነው የሚሠራው» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ማሽን ራሱ አይሠራም። የት ቦታ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ ምን ያህል ሙቀት ብሎ የሚወስን ሰው አለ። ያ ሰው የፊትን ነርቭ መንገድ የማያውቅ ከሆነ እህቴ ፊቷን ይዛ እንድትገባ አልፈቅድም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ልዘርዝር። ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኢላስቲን የሚባለው ደግሞ የተሳበውን ቆዳ መልሶ ወደ ቦታው ያስገባል። ኮላጅን ከወጣትነት በኋላ በዓመት 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴት ልጅ ስታርጥ ግን ይፈጥናል። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከቆዳዋ ኮላጅን 30 በመቶ ያህሉን ታጣለች። ስለዚህ እህቴ «ድንገት ነው የተለወጥኩት» ስትል አላጋነነችም።

ያለ ቀዶ ሕክምና ቆዳ የሚያጠብቁት ማሽኖች አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ነው የሚሠሩት። የላይኛውን ቆዳ ሳይጎዱ ሥሩን ያሞቃሉ። ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ኩምትር እንደሚለው፣ ኮላጅንም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል። ከዚያ ሰውነት የተጎዳውን ለመጠገን አዲስ ኮላጅን መሥራት ይጀምራል። ዋናው ውጤት የሚመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 6 ወር። ለሠርግ ሳምንት ሲቀር የሮጠ ሰው ይዞ የሚመለሰው እብጠት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሃይፉ የሚባለው በአልትራሳውንድ የሚሠራው ነው። ነፍሰ ጡር የምትታይበት ዓይነት ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ያቺን ነጥብ ማሞቁ ነው። 1.5፣ 3 እና 4.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይመረጣል። 4.5 ላይ ሲሆን የቀዶ ሐኪሞች ፊት ሲወጥሩ የሚጎትቱት ሽፋን ጋ ይደርሳል። አልቴራ የሚባለው ማሽን ቅንድብ ከፍ ለማድረግ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጥሩ ሕክምና ነው። ግን የመንጋጋ አጥንት ላይ ሲደርስ ያማል። ሥራውን በማያውቅ እጅ ደግሞ ነርቭ ሊነካ፣ ለጊዜውም ቢሆን ከንፈር ሊያጣምም ይችላል። ስለ ቀጭን ፊት የሚነገር ሌላ ነገርም አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሌላው ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ቆዳውን ሰፋ አድርጎ ያሞቃል። ከታወቁት አንዱ ቴርማጅ ነው፤ በዓይን ዙሪያ ላለ መጨማደድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ቆዳው እንዳይቃጠል ላዩን እያቀዘቀዘ ነው የሚሠራው። ቀለል ያሉት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ማሽኖች መመላለስ ይፈልጋሉ። ልቡ ላይ የምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ይህን ሕክምና አያስበው።

ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን ከጥቃቅን መርፌዎች ጋር ያጣመረም አለ። ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ማይክሮኒድሊንግ ይሉታል። ሰው ስለወደደው በየቦታው ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ያው የአሜሪካ ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። መቃጠል፣ ጠባሳ፣ የፊት ስብ መጥፋትና የነርቭ ጉዳት ሪፖርት ተደርጓል። ሕክምና እንጂ የውበት ሳሎን ሥራ አይደለም፣ ቤት ውስጥም አይሞከር ብሏል። ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ የሚያብጥበት፣ ኪሎይድ የሚወጣበት ሰው ደግሞ መርፌውን ከማሰቡ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ሌዘር ላይ ለኛ ቆዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሌዘር ብርሃን ነው። ብዙው የሌዘር ዓይነት የቆዳችንን ቀለም፣ ሜላኒንን ያገኘዋል፤ ሜላኒን ብርሃኑን ይውጥና ይሞቃል። ነጭ ቆዳ ላይ ምንም ያልሆነው መጠን እኛ ላይ አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። አልትራሳውንድና ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የቆዳ ቀለም አይመርጡም። ለዚህ ነው ለጠይም ሴት በአብዛኛው እነሱ የሚመከሩት። ለጠይም ቆዳ የሚሆን ሌዘርም አለ፤ ግን መጠኑን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ቦቶክስና ፊለር ሌላ ናቸው። ቦቶክስ ጡንቻ ያዝናናል፣ ፊለር የጎደለ ይሞላል። የላላ ቆዳ አያጠብቁም። ሰዎች ሁሉንም በአንድ ስም ስለሚጠሯቸው ነው የጠቀስኳቸው።

እህቴን ማሽን ከመምረጥ በፊት ሐኪም ይይሽ አልኳት። «ለመጨማደድ ደግሞ ሐኪም?» አለች። አብሽሪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ቦሩ ሜዳ ወሰድኳት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ቅርብ ነው። ወሎ ውስጥ የቆዳ ነገር ሲነሣ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ቁንጭርና ሥጋ ደዌ ከሩቅ እየመጡ የሚታከሙበት ነው። እኛ የሄድነው ለማሽን ሳይሆን ቆዳዋን የሚያውቅ ዓይን እንዲያያት ነው። ሐኪሟ በመስኮቱ ብርሃን ፊቷን አየቻት። ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ከጆሮዋ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ በጣቷ ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ከዚያ ስለ ቆዳ መላላት ከማውራቷ በፊት «ምን ዓይነት ክሬም ነው የምትቀቢው?» አለቻት።

እህቴ ዝም አለች። ከዚያ ነገረቻት። ጅዳ እያለች የጀመረችው፣ ከተመለሰች በኋላም ሰው እየላከላት የቀጠለችው ቅልቅል ክሬም ነበር። ስያሜ የሌለው ነጭ ጣሳ። ለማድያቷ ነበር የጀመረችው። እኔ ፋርማሲስት እህቷ ይህን አላውቅም ነበር፤ ለኔ መንገር ከብዷት ነበር። ሐኪሟ ጉንጯ ላይ የወጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አሳየችኝ። እንደዚህ ዓይነት ክሬም ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይኖረዋል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። ኮላጅን የሚሠሩትን ሴሎችም ሥራ ያስፈታል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ማሽኑ ሞቅ አድርጎ ቆዳውን «አዲስ ኮላጅን ሥራ» ነው የሚለው። ክሬሙ ደግሞ ያንኑ ሥራ እያስቆመ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ብርን መጣል ነው። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ለመቃጠልም ቅርብ ነው። ያ የውበት ቤት በስልክ ዋጋ ነገራት እንጂ ስለ ክሬም አልጠየቃትም።

ሐኪሟ ክሬሙን በአንድ ቀን አቁሚ አላለቻትም። በድንገት ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ሽፍታ ይወጣል፤ ሰውም ደንግጦ መልሶ ይቀባል። ቀስ በቀስ የምትወርድበትን መንገድ ጻፈችላት። ከዚያ ቀጥሎ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ቆዳው ሲረጋጋ ደግሞ ማታ ማታ ቀለል ያለ ትሬቲኖይን። ትሬቲኖይን የኮላጅንን ሥራ የሚያነቃቃ፣ በጥናት የቆየ መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር አትጠቀምበትም።

ሰንስክሪን ላይ እህቴ ተከራከረች። «ደሴ ብርድ ነው፤ የምን ፀሐይ?» አለችኝ። ይህን ከደሴ ሰው ሁሉ እሰማለሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ስታዩ ፀሐይ የሌለ ይመስላችኋል። ግን ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር ሙቀት የለውም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ላብ በላብ እሆናለሁ፤ ቆዳዬን የበለጠ የሚጎዳው ግን የደሴው ጨረር ነው። ሂጃቧ አንገቷን ጠብቆላታል፤ ፊቷን ከአንገቷ ጋር ብታስተያዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። ማድያት ላለበት ሰው ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ሰንስክሪን ይሻላል። ማድያት በሚታየው ብርሃንም ስለሚብስ ነው።

ሙቀትም ማድያትን ያባብሳል። ስለዚህ ማድያቱ ሳይረጋ ፊት የሚያሞቅ ሕክምና መጀመር ጥቁረቱን ሊጨምርባት ይችል ነበር። ወይባ የምትሞቁ እህቶች ይህን አስቡበት። ወይባ የኛ ወግ ነው፤ እወደዋለሁ። ማድያት ካለባችሁ ግን ፊታችሁን ከጢሱና ከሙቀቱ አርቁት።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የሐኪሟ ግምገማ መላላቱ መካከለኛ ነው የሚል ነበር። በጣም የወረደ ቢሆን ማሽን እንደማያነሣው፣ ለዚያ ያለው ቀዶ ሕክምና ብቻ እንደሆነ በግልጽ ነገረችን። ይህን የሚነግር ሰው አመንኩት። ከዚያ የእህቴን ጉንጭ አሳየችኝ። ከሲታ ነው፤ ስብ የለውም። አልትራሳውንድ በጥልቀት ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ያለችውንም ስብ ሊቀንስና ፊቱን ሊያጎደጉድ ይችላል። ሙሉ ፊት ላላት ሴት ጥቅም የሚሆነው ለእህቴ ጉዳት ነው። ስለዚህ ጓደኞቿን ያሳመራቸው ሃይፉ ለሷ የመጀመሪያ ምርጫ አልሆነም። ማድያቱ ሲረጋ፣ ክሬሙ ሲለቃት፣ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መንጋጋዋ መስመር ላይ ብቻ። አንገትና ደረት የለም። አንገቷን ፀሐይም አላገኘው፣ ሰውም አያየው፤ ለምን ትከፍልበታለች?

ሕክምናው አዲስ አበባ ነው የሚሆነው። በስልክ የምንጠይቀውን አብረን ቁጭ ብለን ጻፍን። መሣሪያውን የሚይዘው ማነው፣ የቆዳ ሐኪም ነው ወይስ ሌላ? የማሽኑ ስም ምንድን ነው፣ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? ቆዳ የሚነካው የማሽኑ ጫፍ ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል ከሆነ እኔ እያየሁ ትከፍቱታላችሁ? የቴርማጅ ጫፍ ለምሳሌ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ደግሞ መጠቀም የለም። እንደኔ ጠይም የሆነች ሴት ሠርታችሁ ከወራት በኋላ የተነሣችውን ፎቶ ልታሳዩኝ ትችላላችሁ? ቢያቃጥለኝ ማን ያክመኛል? አንዱ ክሊኒክ በትዕግሥት መለሰልን። ሌላው «መጀመሪያ ቀብድ ላኩ» አለ። እሱን ሰረዝነው።

ሠርጉ አለፈ። እህቴ ያለ ማሽን ነው ልጇን የዳረችው። ክሬሙን ትታለች፤ መሃል ላይ ፊቷ ቀልቶ ያለቀሰችበት ጊዜ ነበር፣ ግን አልተመለሰችበትም። ጉንጯ ላይ ያሉት የደም ሥሮች አሁንም ይታያሉ። ማድያቱ ግን ለቀቅ እያለ ነው። በየወሩ እዚያው መስኮት ጋ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አነሣታለሁ፤ ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነ በትውስታ አይያዝም። ቦሩ ሜዳ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከክረምቱ በኋላ ነው። ሐኪሟ ቆዳው ተዘጋጅቷል ካለች አዲስ አበባ አብሬያት እሄዳለሁ። ካልተዘጋጀ ደግሞ ትሬቲኖይኗን ይዛ ትቆያለች።

ስያሜ የሌለው ክሬም የምትቀቡ ካላችሁ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ጣሳውን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከማፈር ይልቅ አሳዩት።