ከሰፈር ሱቅ አስቤዛ ስገዛ የተማርኩት

አስቤዛዬን በብዛት ከሰፈር ሱቅ መግዛት የጀመርኩት ቤት ውስጥ እየተበላሸ የሚጣለው ምግብ ስላሳሰበኝ ነው። ሱቁ ቅርብ ከሆነ የሳምንቱን ወተትና አትክልት ባንዴ ማከማቸት አያስፈልግም፤ ለዛሬና ለነገ የሚበቃውን ይዞ መግባት ይቻላል።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ባለሱቁን ዕቃ የሚገባበትን ቀን መጠየቅ ነበር። እሳቸውም ሳያመነቱ ነገሩኝ። ትንሽ ሱቅ ሰፊ መጋዘን ስለሌለው ቶሎ የሚበላሸውን በትንሽ በትንሹ ነው የሚያስመጣው፤ ቀኑን ያወቀ ሰው ትኩሱ ላይ ይደርሳል። ይህቺን አንዲት ጥያቄ የመሰለ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ብዙ ትናንሽ ሱቆች ዕቃውን ከባንኮኒ ጀርባ ደርድረው እያነሱ ያቀብላሉ። ድሮ የግሮሰሪ ንግድ በአብዛኛው እንዲህ ነበር፤ ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ የሚገዛበት አሠራር የተስፋፋው ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ሜምፊስ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ከከፈተ በኋላ ነው። ባንኮኒ ካለ ማገላበጥ ስለማይቻል «እስቲ ልየው» ማለት ለመድኩ። ሳልከፍል ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመጠቀሚያ ቀን አነባለሁ። ደረቅ ምግብ ላይ ያለው ቀን ብዙውን ጊዜ ጥራቱ የሚቀንስበትን ስለሚያመለክት ትንሽ ቢያልፍም አያስደነግጠኝም፤ ወተትና ሥጋ ላይ ግን አልደራደርም። ክዳኑ ያበጠ ቆርቆሮ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ዘይት ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አጠገብ ከተደረደረ ከኋላ ያለውን እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ፤ ብርሃን ዘይትን ቶሎ ያበላሸዋል።

እንቁላልን የምፈትነው ቤት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው ሳህን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ትኩሱ በጎኑ ታች ይተኛል፣ ሰንበትበት ያለው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የቆየው ይንሳፈፋል። ከቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እርጥበት እየወጣ አየር ስለሚተካው ነው። መንሳፈፉ ዕድሜውን እንጂ መበላሸቱን ስለማያረጋግጥ ለየብቻ ሰብሬ አሸተዋለሁ። አንድ ቀን ብዙዎቹ ተንሳፈፉብኝና ተመልሼ ሄድኩ። ገበያተኛው እስኪቀልል ጠብቄ «ጋሼ፣ ይሄ እንቁላል የቆየ ይመስላል» አልኳቸው። ሳያቅማሙ ቀየሩልኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እንቁላል ስጠይቃቸው «አዲሱ ከሰዓት ይገባል፣ ታገሺ» ይሉኛል። ሽያጭ እያለፋቸው እንዲህ የሚሉኝን ሰው እንዴት አላምናቸው?

ዋጋው ሁሌም ይረክሳል ማለቴ አይደለም። ባለሱቁ ከአከፋፋይ የሚያነሱት መጠን ትንሽ ስለሆነ ጅምላ የሚያነሳ ትልቅ መደብር የሚያገኘውን ቅናሽ አያገኙም። ስለዚህ የማሸጊያውን ዋጋ ትቼ የኪሎውን አሰላለሁ፤ ትንሹ ማሸጊያ ብዙ ጊዜ በኪሎ ሲመታ ይወደዳል። ሩዝ፣ ስኳር፣ ሳሙና የመሳሰለውን በብዛት ርካሽ ካለበት እገዛለሁ። ቶሎ የሚበላሸውን ግን ከሰፈር። በዱቤ ከወሰድኩ እሳቸው መዝገባቸው ላይ ሲጽፉ እኔም ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፤ ሒሳቡን ስንዘጋ ሁለቱን እናስተያያለን፣ ቅር የሚሰኝም የለም።

የሌለ ዕቃ ማስመጣትም ይቻላል። ፉርሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት ስጠይቃቸው «ካንቺ ሌላ የሚገዛ አለ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ አከፋፋዩ አንድ ከረጢት ብቻ ላያመጣላቸው ይችላል። ጎረቤቶቼን አነጋግሬ ዱቄቱን የሚፈልጉትን ሰዎች ስም ይዤ ተመለስኩ፣ እሳቸውም አዘዙ። ያስመጣሁትን ዕቃ የግድ እወስዳለሁ፤ እኔ ከተውኩት መደርደሪያ ላይ ታስሮ የሚቀረው የእሳቸው ገንዘብ ነው።